ደብረ ብርሃን ላይ የአትክልት ቦታዎችን በብስክሌት ልንጎበኝ ነው፣ መንገዱ ቸገረን

ሰላም ወገኖች፣ በተለይ የደብረ ብርሃን ልጆች ተባበሩኝ። ነዋሪዎች ተሰባስበው ጎመን፣ ካሮትና ድንች የሚያለሙባቸውን የከተማችንን ቦታዎች በቡድን በብስክሌት ዞረን ልናይ አስበናል። የቸገረኝ መንገዱ ነው። ከጠባሴ ተነስቼ በሬሳ ወንዝ ዳር ለመድረስ የማውቀው የአዲስ አበባ ደሴን አስፋልት ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ የከባድ መኪናው ብዛት ያስፈራል፣ አብረውን ደግሞ ገና ብስክሌት የለመዱ ታዳጊዎች አሉ። ኮብልስቶኑን ይዞ በውስጥ ለውስጥ የሚያወጣ መንገድ የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ሌላው፣ ከተማችን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች በኅዳር ውርጩ የድንቹን ቅጠል አጥቁሮት ያድራል። ማታ ማታ ችግኛቸውን በሣር የሚሸፍኑ አሉ፤ ታዳጊዎቹ ይህን በዓይናቸው ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል። ሊያስጎበኘን የሚፈቅድ ካለ አገናኙኝ። መደብ አንረግጥም፣ ብስክሌቶቹንም ውጭ እናቆማለን።