ከ400 ሜትር ወደ 800 ልዙር ወይስ ልጽና?

ሰላም ወገኖች፣ ባሕር ዳር ነው የምኖረው፤ 22 ዓመቴ ነው። ምርጥ የ400 ሜትር ሰዓቴ 47.9 ነው፣ እሱም በእጅ ሰዓት የተያዘ። በእጅ የተያዘ ሰዓት ከኤሌክትሮኒክሱ ጋር እንዲነጻጸር 0.14 ሲጨመርበት 48.04 መሆኑ ነው፤ ራሴን አላታልልም።

ጠዋት 12 ሰዓት ልምምድ፣ ከዚያ እስከ ማታ ባጃጅ። የነበርኩበት ክለብ አምና «አጭር ርቀት አያዋጣንም» ብሎ ውሌን ሳያድስ ቀረ። ተናደድኩ እንጂ ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል ማለትም ይከብደኛል። ረጅም ርቀት የሚሮጠው ጓደኛዬ ውጭ አገር የጎዳና ውድድር ሄዶ ስምንተኛ ቢወጣ እንኳ ትንሽ ነገር ይዞ ይመለሳል። ለእኛ ለአጭር ርቀት ሯጮች የጎዳና ውድድር የለም፤ ያለን ትራክ ብቻ ነው፣ እዚያ ደግሞ አሜሪካኖቹና ጃማይካኖቹ አሉ። እናቴማ «ይሄ ሩጫ እንጀራ የሚሆነው መቼ ነው?» ማለት ከጀመረች ቆየች። (የሩጫ ጫማዬ የብረት ጥርሶች እንዴት እንዳለቁ ብታይ ምን ልትል ነው!)

አንድ አሰልጣኝ «ወደ 800 ሜትር ተሻገር፣ ፍጥነቱ አለህ» ይለኛል። ኢትዮጵያዊው ሯጭ መሐመድ አማን እ.ኤ.አ. በ2013 ሞስኮ ላይ በ800 የዓለም ሻምፒዮን መሆኑን እያነሳ ያባብለኛል። እኔ ግን 600 ላይ ስደርስ እግሬ ድንጋይ ይሆናል።

እባካችሁ፣ ከ400 ወደ 800 የዞራችሁ ካላችሁ ሰውነታችሁ እስኪለምደው ስንት ጊዜ ፈጀ? የሳምንት ልምምዳችሁንስ እንዴት ቀየራችሁት? በኤሌክትሮኒክስ የተያዘ ሰዓት ሳይኖረኝ የሚያናግረኝ ማናጀር ይኖራል? ለአጭር ርቀት ሯጭ ደመወዝ የሚከፍል ክለብ የምታውቁ ደግሞ ምልመላው መቼ እንደሆነ ጠቁሙኝ። የባጃጁ ባለቤት እስከ ወሩ መጨረሻ ቁርጡን ንገረኝ ብሎኛል።