ከአክቲቭ ዱቲ ወጥቶ ሪዘርቭ መግባት ያዋጣል ወይ? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ ሎጂስቲክሱ

ሰላም ለሁላችሁ። በአሜሪካ ጦር አክቲቭ ዱቲ (በሙሉ ጊዜ ወታደርነት) አራት ዓመት በሎጂስቲክስ ሠርቻለሁ። ኮንትራቴ ሊያልቅ ጥቂት ወራት ቀርተውታል። ስወጣ ቨርጂኒያ እንኖራለን፤ የባለቤቴ ዘመዶች አሌክሳንድሪያ ናቸው። እሷ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት።

የጦሩ አማካሪ «በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ፣ በዓመት ሁለት ሳምንት ብቻ ነው፣ ሪዘርቭ ወይም ናሽናል ጋርድ ግባ» እያለ ይወተውተኛል (ተጠባባቂው ጦርና የየግዛቱ ጦር ማለት ነው)። እናቴ በስልክ «ገና ሳትወጣ ተመልሰህ ልትገባ?» ትላለች። በጉልበቴ ምክንያት ለቪኤም (ለቀድሞ ወታደሮች መሥሪያ ቤት) አመልክቻለሁ። የገባችሁበት ንገሩኝ፣ ያዋጣል?

መልስ፦ የሲልቨር ስፕሪንጉ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር። ኮንትራትህን በደንብ አንብበው። አራት ዓመት ብትፈርምም ጠቅላላ ግዴታህ ስምንት ዓመት ነው። ምንም ሳትገባ ብትወጣ ቀሪው አራት ዓመት በስም ዝርዝር ላይ ተቀምጠህ ያልፋል። ድሪል (የወሩ ሥልጠና) የለም፣ ደመወዝ የለም፣ ኢንሹራንስ የለም፣ ግን ሊጠሩህ ይችላሉ። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ነፃ ሆኜ እወጣለሁ ብለህ አታስላ።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አትጓጓ። አንድ የድሪል ዊኬንድ የአራት ቀን ደመወዝ ይከፍላል። የወር ቤዝ ፔይህ (አበል የሌለበት ደመወዝህ) 3,600 ዶላር ነው እንበል፤ የቀኑ 120፣ የዊኬንዱ 480 ይሆናል። ያውም ከታክስ በፊት። የቤት አበል በድሪል ዊኬንድ አይታሰብም። የመኪና ብድር ይከፍላል እንጂ ቤት አያስተዳድርም።

ዋናው ጥቅም የጤና ኢንሹራንሱ ነው። ትራይኬር ሪዘርቭ ሴሌክት ይባላል። በፈረንጆቹ 2025 ለአንድ ሰው በወር 53.80፣ ለቤተሰብ 274.48 ዶላር ነበር። ልጆች ቢጨመሩም የቤተሰቡ ዋጋ ያው ነው። በአሠሪ በኩል የቤተሰብ ኢንሹራንስ የገዛ ሰው ይህን ሲሰማ ዝም ነው የሚለው።

ለአንተ ደግሞ ሌላ አለ። ከአክቲቭ ስትወጣ ሳይቋረጥ በቀጥታ ወደ ሪዘርቭ ወይም ጋርድ ዩኒት ከተሻገርክ ለ180 ቀን የሽግግር ሕክምና ይሰጥሃል፣ ያለ ወርሃዊ ክፍያ። ባለቤትህ በዚያ ጊዜ ውስጥ ብትወልድ ብዙ ጭንቀት ይቀርልሃል። በመሃል ክፍተት ከገባ ግን ይህ መብት ይቀራል፤ «ትንሽ አርፌ እገባለሁ» አትበል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። የፌዴራል መንግሥት ሥራ ከያዝክና የሠራተኞቹን ኢንሹራንስ ማግኘት የምትችል ከሆነ ትራይኬር ሪዘርቭ ሴሌክትን አይሸጡልህም። ሕጉ የሚለወጠው በ2030 ነው። እኛ አካባቢ ደግሞ ግማሹ ሰው የፌዴራል ሥራ ነው የሚፈልገው!

መልስ፦ የድሮዋ ሜዲክ

ስለ ቪኤው ማንም ስላላነሳ እኔ ልጨምር። ለአንድ ቀን የድሪል ክፍያና የቪኤ የአካል ጉዳት ክፍያ አብረህ መውሰድ አትችልም። በዓመት መጨረሻ አንዱን የምትተውበት ፎርም አለ፣ ቁጥሩ 21-8951። አንድ ዊኬንድ እንደ አራት ቀን ስለሚቆጠር፣ ከሁለት ሳምንቱ ሥልጠና ጋር ወደ 63 ቀን ይመጣል።

አይደንግጥህ። 10 በመቶ የአካል ጉዳት የተፈቀደለት ሰው በ2025 በወር 175 ዶላር ከምናምን ያገኝ ነበር፣ በቀን 6 ዶላር አይሞላም። ለእነዚያ ቀናት የቪኤውን ትተህ የድሪሉን ትወስዳለህ። 100 በመቶ የሆነ ሰው ግን ሒሳቡ ሊገለበጥበት ይችላል። ለቪኤው ሳያሳውቁ ሁለቱንም የወሰዱ ሰዎች በኋላ ዕዳ መጥቶባቸዋል።

ጉልበትህንም አስብበት። የአካል ብቃት ፈተናው ሪዘርቭም ላይ አለ፣ ሁለት ማይሉን ትሮጣለህ። መሮጥ ካልቻልክ ከመፈረምህ በፊት ሐኪም ጋር ጨርሰው።

ጡረታውን በተመለከተ ሰው ይሳሳታል። ሃያ ዓመት ሲባል የደመወዙን ግማሽ ይመስለዋል። ሪዘርቭ በነጥብ ነው የሚቆጠረው። አባል በመሆንህ 15፣ በድሪል 48፣ በሥልጠናው 15 ብታገኝ በዓመት 78 ነጥብ ነው። ዓመቱ እንዲያዝልህ 50 ይበቃል። የአንተ አራት ዓመት አክቲቭ 1,461 ነጥብ ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመት ሪዘርቭ 1,248 ይጨምራል። ድምሩን ለ360 ስታካፍለው ሰባት ዓመት ተኩል። ከ2018 ወዲህ በገባው ሥርዓት በ2 በመቶ ሲባዛ የቤዝ ፔይህ 15 በመቶ ገደማ ነው። እሱም የሚጀምረው በ60 ዓመትህ ነው፤ ዲፕሎይ ካደረግህ (ለግዳጅ ከተላክህ) ትንሽ ሊቀድም ይችላል። መጥፎ አይደለም፣ ግን አታጋንነው።

መልስ፦ ባለ ትራኩ

እኔ ገብቼ ወጥቻለሁ። ለእኔ አላዋጣም። ናሽናል ጋርድ ነበርኩ። «በወር አንድ ዊኬንድ» የሚሉት ሰላም ሲሆን ነው። በ2020 ኮቪድ መጣ፣ በጃንዋሪ 2021 ለፕሬዚዳንቱ ቃለ መሐላ ዲሲ ውስጥ 25,000 ያህል ጋርድ ነበር። ገዥው ይጠራሃል፣ ፌዴራሉ ይጠራሃል።

ተቀጣሪ ከሆንክ ሕግ አለልህ። አሠሪህ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ስትመለስ ሥራህን ሊመልስልህ ይገባል፤ ጠቅላላው እስከ አምስት ዓመት ድረስ። የራስህ ሥራ ከሆነ ግን፣ እንደኔ ትራክ ወይም ኡበር ከሆነ፣ ማን ነው የሚመልስልህ? የትራኩ ክፍያ አይቆምም። ዊኬንድ ደግሞ ለኡበር ዋናው ገበያ ነው። አማካሪው ይህን አይነግርህም።

ጥያቄ፦ ማሂ ዘ አትላንታ

ይቅርታ በመሃል ገባሁ። ባለቤቴ ግሪን ካርድ ነው ያለው፣ ውትድርና አገልግሎ አያውቅም። ጋርድ መግባት ይችላል?

መልስ፦ የድሮዋ ሜዲክ

ይችላል እህቴ። ሴኪዩሪቲ ክሊራንስ (የምስጢር ፈቃድ) የሚጠይቁ ሥራዎች ግን ዜጋ እስኪሆን ይዘጉበታል። በአገልግሎቱ በኩል ለዜግነት ሲያመለክት ክፍያ የለም። መጀመሪያ መሠረታዊ ሥልጠናውን ወራት ሄዶ ይጨርሳል፤ እዚህ የሚጠይቀው ሰው ያን አልፎታል።

መልስ፦ የሲልቨር ስፕሪንጉ

ባለ ትራኩ ያለው እውነት ነው፣ ለዚህ ነው ጋርድና ሪዘርቭን ለይተህ ማየት ያለብህ። ጋርድ የግዛቱ ነው፣ ለጎርፍም ለሰልፍም ይወጣል። በምትኩ ብዙ ግዛቶች ለኮሌጅ የሚከፍሉት አለ። ሪዘርቭ ፌዴራል ነው፤ ወደ ሌላ ግዛት ብትዛወር ዩኒት መቀየሩ ይቀላል። ቨርጂኒያ ስለምትኖር ደግሞ የቨርጂኒያ፣ የሜሪላንድና የዲሲ ጋርድ ሦስቱም ቅርብህ ናቸው።

ልጅ ሊወለድ ነው ስላልክ ደግሞ ስለ ጂአይ ቢል (ለወታደር ስለሚሰጠው የትምህርት ክፍያ) ስማ። በአራት ዓመትህ ለራስህ ሙሉውን አግኝተሃል። ለልጅህ ወይም ለባለቤትህ ለማስተላለፍ ግን ስድስት ዓመት አገልግለህ ተጨማሪ አራት መፈረም አለብህ። የሪዘርቭ ዓመታት ይቆጠራሉ። ማስተላለፉ የሚጠየቀው አገልግሎት ላይ እያለህ ነው፤ ከወጣህ በኋላ በሩ ዝግ ነው።

ሎጂስቲክሱ

እግዜር ይስጥልኝ። የሽግግሩን 180 ቀንም የጂአይ ቢሉንም ማንም አልነገረኝም ነበር። ወደ ሪዘርቩ አዘንብያለሁ፤ ሥራዬ መጋዘን ውስጥ ተቀጥሬ ስለሚሆን የሥራ ዋስትናው ይመለከተኛል። አማካሪው ለሁለት ዓመት ዲፕሎይመንት አይነካህም ብሎኛል። እንመነው? ሌላው ደግሞ፣ ድሪሉ ፋሲካ ላይ ቢውልስ?

መልስ፦ የድሮዋ ሜዲክ

በቃል የተነገረህን ሁሉ ወረቀት ላይ አስገባ፤ ቦነሱንም፣ የዩኒቱን ቦታም፣ ሁለት ዓመቱንም። ኮንትራቱ ላይ ከሌለ የለም።

ፋሲካ ላይ ከዋለ ቀደም ብለህ ለዩኒቱ ንገርና በሌላ ቀን እንዲቀየርልህ ጠይቅ፣ አሠራሩ አለ። የዓመቱ ካሌንደር ቀድሞ ስለሚወጣ በዓላቶቻችንን ያኔውኑ አመሳክር። ለአዲስ አበባ ጉዞም እንደዚሁ። ዝም ብለህ እንዳትቀር ብቻ። አንድ ዊኬንድ አራት ተብሎ ነው የሚቆጠረው፤ በዓመት ዘጠኝ ያለ ፈቃድ ከቀረህ ችግር ውስጥ ትገባለህ።