የፔሮክሲሶም ሽፋን ፕሮቲን ጄል ላይ ባንድ አልሰጠኝም፣ ምን ላድርግ?

የላቧ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጀርመን ያለሁ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ነሐሴ ስለሆነ ላቡ ጭር ብሏል፣ ሱፐርቫይዘሬም እረፍት ላይ ናት። ፒኤክስኤምፒ2 የሚባለውን የሰው ሪኮምቢናንት ፕሮቲን ገዝተን ደርሶልናል። ፔሮክሲሶም (ሴል ውስጥ ያለ ትንሽ ከረጢት) ሽፋን ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ፕሮቲን ነው፤ 195 አሚኖ አሲድ፣ 22 ኪሎዳልተን ገደማ። የተሠራው በስንዴ ጀርም ሴል ፍሪ ሲስተም ነው (ሕያው ሴል ሳይኖር)፣ ከፊቱ ጂኤስቲ ታግ (ለማጥራት የሚለጠፍ ሌላ ፕሮቲን) አለው።
እንደ ወትሮው 95 ዲግሪ ላይ 5 ደቂቃ አፍልቼ ጄል (ፕሮቲን በክብደቱ የሚለይበት) ላይ ጫንኩት። ባንድ የለም። ከቀዳዳው ሥር የተጨማለቀ ነገር ብቻ ቀርቷል። ዌስተርኑ (ፕሮቲኑን በአንቲቦዲ የምናይበት) ጭራሽ ባዶ ነው። በቢሲኤ (የፕሮቲን መጠን መለኪያ) ስለካው ደግሞ ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ብዙ እጥፍ ይሆናል። ተበላሽቶ ነው? በኋላ ሊፖሶም (ሰው ሠራሽ የስብ ከረጢት) ውስጥ አስገብቼ ቻናልነቱን (ሞለኪውል ማሳለፉን) ማየት ነበር ሐሳቤ።

የጄል ሰው፦
እህቴ፣ እንዳትጥይው። ብዙ የሽፋን ፕሮቲን ሲፈላ እርስ በርሱ ይጣበቅና ጄሉ ውስጥ አልገባም ይላል። ሳምፕል በፈር ጨምረሽ 37 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ አቆዪው። ከዚያ አንዱን 37፣ አንዱን 60፣ አንዱን 95 አድርገሽ ጎን ለጎን ጫኝ። ዲቲቲው (የፕሮቲኑን የሰልፈር ትስስር የሚፈታው) አዲስ ይሁን። መጀመሪያ ኩማሲ (የፕሮቲን ቀለም) ቅቢው፣ ዌስተርኑ ይቆይ። 22 እና የጂኤስቲው 26 ሲደመር 48 ነው። ግን ሽፋን ፕሮቲን ከክብደቱ በታች መውረድ ይወዳል፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ ብታገኚው አትደንግጪ።

ፒፔት፦
በፈሩ ውስጥ ምን አለ? ጂኤስቲ ያለው ፕሮቲን ከኮለም የሚወርደው በግሉታታዮን ነው፤ ብዙ ጊዜ 10 ሚሊሞላር ያህሉ እዚያው ቱቦው ውስጥ ይቀራል። ቢሲኤ የሚሠራው መዳብ ኤሌክትሮን ሲቀበል ነው። ግሉታታዮን ደግሞ ፕሮቲን ኖረም አልኖረም ኤሌክትሮኑን ይሰጣል። ስለዚህ አብዛኛው የለካሽው እሱን ሳይሆን አይቀርም። በፈሩን ብቻውን ለኪና እዪ። ብራድፎርድ (በቀለም የሚለካው) ይሻልሻል፤ ትራይተን ወይም ኤስዲኤስ የሚባል ዲተርጀንት (ሳሙና መሰል ነገር) ካለበት ግን እሱም ይዋሻል። እኔ ብሆን ጄል ላይ ከታወቀ መጠን ቢኤስኤ (መለኪያ የሚሆን የከብት ፕሮቲን) ጋር አስተያይቼ እገምታለሁ።

ማሞ ማይክሮ፦
ዌስተርኑን ሁላችሁም ዘለላችሁት። አንቲቦዲው ላይ ምን ተጽፏል?

የላቧ ልጅ፦
ፒኤምፒ22 ይላል፣ ፍሪዘር ውስጥ የነበረ ነው። የፒኤክስኤምፒ2 ሌላ ስሙ አይደል እንዴ?

ማሞ ማይክሮ፦
ነው፣ በድሮ ጽሑፎች ላይ እንደዚያ ይባላል። ግን በዚሁ ስም የሚጠራ ሌላ ጂን አለ፤ የነርቭ ማይሊን ፕሮቲን ነው፣ 17ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለው። አንድ ተጨማሪ ቅጂ ሲኖረው ሻርኮ ማሪ ቱዝ 1ኤ የሚባለውን በሽታ ያመጣል። 160 አሚኖ አሲድ ነው፣ ከፔሮክሲሶም ጋር ምንም አያገናኘውም። ካታሎግ ላይ ፒኤምፒ22 ብለሽ ስትፈልጊ የሚመጣልሽ በአብዛኛው እሱ ነው። ዳታሺቱ ላይ የጂኑን ስም አጣሪ። እስከዚያው ፀረ ጂኤስቲ አንቲቦዲ ከጎረቤት ላብ ለምኚ፣ ታጉን ስለሚይዝ ነገሩ ይለይልሻል።

ዶክተር ዲተርጀንት፦
ሊፖሶሙን በዚህ አትሞክሪው። ከስንዴ ሲስተም የሚሸጠው በብዛት ለዌስተርንና ለኤላይዛ (ሌላ የአንቲቦዲ ምርመራ) ነው። መጠኑ ማይክሮግራም ነው። ዲተርጀንት ከሌለበት ደግሞ በትክክል ስለመታጠፉ ዋስትና የለሽም። ፕሮቲኑን የሚያክል ታግም ፊቱ ላይ ተለጥፏል። ይህ ቻናል የሚያሳልፈው ከ300 ዳልተን በታች ያሉትን ነው ተብሎ የታወቀ ነው፤ እንዲህ ያለ ጠባብ ነገር ለመለካት ንጹሕና ብዙ ፕሮቲን ያስፈልጋል። በእርሾ ወይም በነፍሳት ሴል አሠሪው። ሽፋኑን በዲዲኤም (ለስላሳ ዲተርጀንት) አሟሚ፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው ድረስ በየበፈሩ ከ0.17 ሚሊሞላር በላይ ዲዲኤም ይኑር። ትራይተን አትጠቀሚ፣ 280 ላይ ብርሃን ስለሚይዝ ልኬቱን ያበላሽብሻል።

የጄል ሰው፦
ዶክተር፣ ለማስተርስ ተማሪ የነፍሳት ሴል? ሲ43 (ለሽፋን ፕሮቲን የሚመረጥ) ባክቴሪያ መጀመሪያ ይሞከር። ርካሽ ነው፣ በሳምንት መልስ ይሰጣል።

ዶክተር ዲተርጀንት፦
መሞከሩስ ይሞከር። ኢንክሉዥን ቦዲ (የማይሟሟ የፕሮቲን ጭምልቅ) ሆኖ ሲወጣ ግን እኔን አትፈልጉኝ።

የላቧ ልጅ፦
ተባረኩ! 37 ያደረግሁት ከ48 ዝቅ ብሎ ጥርት ያለ ባንድ ሰጠ። 60 ላይ ደብዘዝ ብሏል፣ 95 ያው ጭምልቅ ነው። በፈሩ ብቻውን ቢሲኤ ላይ ወይን ጠጅ ሆነ፣ ፒፔት ልክ ነህ። አንቲቦዲው የማይሊኑ ነው። ፀረ ጂኤስቲ ነገ ይሰጡኛል። የቀረኝ 15 ማይክሮሊትር ነው፣ 4 ዲግሪ ላይ ይቆይ?

ፒፔት፦
በፍጹም! ሦስት ሦስት ማይክሮሊትር አድርገሽ ከፋፍዪውና −80 ክተቺው። አንዴ የቀለጠውን ተጠቀሚበት እንጂ መልሰሽ አታቀዝቅዢው። ቱቦው ላይም የጂኑን ስም በሙሉ ጻፊ፣ 22 ብቻ ብለሽ እንዳትተዪው።