ጥንስስ፣ ድፍድፍ፣ ጉሽ፦ ለጀማሪ ጠላ ጠማቂ የቃላት እርዳታ

አዲስ ጠማቂ፦
ሰላም ለቤቱ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጠላ ልጠምቅ ነው። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ስለሆነ ጋን የለኝም፤ ያለኝ ክዳን ያለው ባለ 20 ሊትር የፕላስቲክ ባልዲ ነው። አያቴን በስልክ ብጠይቃት «መጀመሪያ ጠንስሺ፣ ከዚያ ድፍድፉ፣ እንኩሮውን እንዳትረሺ፣ ጉሹን አትጠጪ» ብላ ዘጋችው። ጥንስስና ድፍድፍ አንድ አይደሉም እንዴ? አሻሮና እንኩሮስ? ዕቃ ሳልገዛ ቃሉን ልያዝ ብዬ ነው።

የማርቆስ ልጅ፦
አንድ አይደሉም እህቴ። አያትሽ በሦስት ቃል የሳምንቱን ሥራ ነግረውሻል። ጥንስስ መነሻው ነው፦ የተወቀጠ ጌሾ በውሃ ተዘፍዝፎ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። አንዳንድ ቤት ከጅምሩ ትንሽ ብቅል ጣል ያደርጉበታል። ድፍድፍ የሚባለው ደግሞ ብቅሉ፣ የተቆራረሰው ቂጣና እንኩሮው ገብተውበት ሲወፍር ነው። «ድፍድፍ ነዳጅ» ሲባል ሰምተሽ የለ? ወፍራም፣ ገና ያልተጣራ ማለት ነው። ድፍድፉ ሲበስል በውሃ ይቀጥንና ይከደናል። ከዚያ በኋላ ነው ጠላ የሚባለው።

አሻሮ የተቆላው ገብስ ነው። እሱ ይፈጭና ዱቄቱ በውሃ ለወስ ተደርጎ ምጣድ ላይ ይታመሳል። ያ ነው እንኩሮ። እዚህ ላይ አትቸኩዪ። ዱቄቱ መጀመሪያ ይጓጉላል፤ እያገላበጥሽ ጓሉን ስትሰብሪው ፍርፍር ይልና እየጠቆረ ይሄዳል። የጠላሽ መልክ የሚወጣው ከዚህ ነው፦ ጠቆር ካለ ጠቆር ያለ፣ ቀላ ካለ ቀላ ያለ። «አገር ታመሰ» የምንለውም ከዚሁ ምጣድ የመጣ ነው፤ እሳት ላይ የሚገላበጥ ነገር ዕረፍት የለውም።

ሰዋስው፦
ጠነሰሰ ላይ ትንሽ ልጨምር። ዜና ላይ ሁሌ «ሴራ ጠነሰሱ» ስለሚባል ቃሉ ክፉ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ግን የዕድሩም፣ የትምህርት ቤቱም ሐሳብ ይጠነሰሳል። ለሴራ የተስማማው ተከድኖ ውስጥ ውስጡን ስለሚሠራ ይመስለኛል። ጠጪው የሚያውቀው መጨረሻ ላይ ነው!

ግሱንም አደራ። ጠላ ይጠመቃል፣ ጠጅ ይጣላል፣ አረቄ ይወጣል። ለእኔ ጆሮ «ጠላ ጣልኩ» ካልሽ ደፋሽው ብዬ አዝንልሻለሁ።

አዲስ ጠማቂ፦
😂 እሺ። ጉሹስ? ባልዲውስ ይሆናል?

የማርቆስ ልጅ፦
ጉሽ ገና ያልጠለለው፣ ድፍርሱ ነው። የሚወዱት አሉ፤ ሆድ ይነፋል ብለው የሚሸሹትም አሉ። አያትሽ ከሸሺዎቹ ወገን ናቸው ማለት ነው። ጠላው ተቀድቶ ሲያልቅ በቀረው ላይ ውሃ ይጨመርና ሌላ ቀጭን ጠላ ይወጣል፤ እሱ ቅራሪ ነው። በመጨረሻ የሚቀረው አተላ ለከብት ይሰጣል። ሰውን «አተላ» ብሎ መስደብ ለምን እንደሚያም አሁን ይገባሻል።

እማማ ወይራ፦
ልጄ፣ ባልዲው ለመጠንሰስ ይሆናል፣ ግን አይታጠንም፤ ይቀልጥብሻል። ጠላ ያለ ወይራ ጭስ ምኑን ጠላ ሆነ? ትንሽ እንስራ ግዢ። በግራዋ ቅጠል ደህና አድርገሽ እሺው፣ አጥቢው፣ ከዚያ በወይራ እጠኚው። ስትገዢ በጣትሽ አንኳኪው። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፤ ድፍን ያለ ድምፅ ካወጣ ነቅቷል፣ ተዪው። «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ነው።

ሰዋስው፦
እማማ ያመጡት ተረት ላይ «ነቃ» ከእንቅልፍ መንቃት አይደለም፤ ተሰነጠቀ ማለት ነው። ንቃቃት ከሚለው ጋር ዘመድ ነው። ብዙ ልጆች «ብርሌ እንዴት ይነቃል?» ሲሉ ሰምቻለሁ።

የማርቆስ ልጅ፦
«ጋን በጠጠር ይደገፋል» የሚለውንም እንስራውን ቤት ስታስገቢ ታዪዋለሽ። ታቹ ክብ ስለሆነ ብቻውን አይቆምም። ሊሾ ወለል ላይ ጠጠር ስለማይሆን ጨርቅ ጠምዝዘሽ ከሥሩ አድርጊለት። በባልዲው የምትቀጥዪ ከሆነ ግን ክዳኑን ጥርቅም አታድርጊው። ሲፈላ አየር ያወጣል፤ መውጫ ካጣ ክዳኑን አስፈንጥሮ ግድግዳሽን ይቀባልሻል።

አዲስ ጠማቂ፦
እንስራውን እገዛለሁ፣ እማማ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ገበያ ላይ ጌሾ ቅጠልም እንጨትም አየሁ። የትኛውን ልያዝ?

እማማ ወይራ፦
ለጠላ ቅጠሉን፤ እንጨቱ ለጠጅ ነው የሚበዛው። የደረቀውን ግዢና ቤት ውቀጪው። ብቅሉን ግን ዘንድሮ ከገበያ ግዢ፤ ማብቀሉን በሌላ ጊዜ ትሞክሪዋለሽ።