መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር የኮምፒውተሬ አይፒ ይቀየራል፤ ቤት ውስጥ ቋሚ ማድረግ ይቻላል?

ሒሳብ በቤቴ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቤቴ ሆኜ የትንንሽ ድርጅቶችን ሒሳብ እሠራለሁ። ፒችትሪ (የሒሳብ ፕሮግራሙ) የተጫነበት ዴስክቶፕ ሳሎን ነው። ዳታው ያለበትን ፎልደር ሼር አድርጌዋለሁ፤ የምታግዘኝ ታናሽ እህቴ በላፕቶፗ ከመኝታ ክፍል ትከፍተዋለች። ላፕቶፑ ላይ ዜድ ድራይቭ አድርገን ያገናኘነው በዴስክቶፑ አይፒ (ኔትወርኩ ላይ በሚታወቅበት ቁጥር) ነው፣ 192.168.1.5። ችግሩ መብራት በሄደ ቁጥር ነው። ተመልሶ ሲመጣ ዴስክቶፑ ሌላ ቁጥር ይዞ ይነሳል። ባለፈው ሳምንት መጨረሻው 3 ነበር፣ ትናንት 8 ሆነ። ዜድ ላይ ቀይ ኤክስ ይወጣል፣ የዋይፋዩ ፕሪንተርም ኦፍላይን ይላል። ግብር የማሳወቂያው ሰሞን ላይ ይሄ ሲጨመር አስቡት።
ራሴ ልሞክር ብዬ ዴስክቶፑ ላይ 192.168.1.5ን በእጄ ሞላሁ። ፎልደሩ ተከፈተ፤ ኢንተርኔቱ ግን ጠፋ። በማግስቱ ደግሞ የአይፒ ግጭት አለ የሚል መልእክት መጣ። ደንግጬ ወደነበረበት መለስኩት። ዴስክቶፑ ዊንዶውስ 10 ነው።

ቀጮ፦
ቋሚ አይፒ እኮ የሚገዛ ነው እህቴ። ኢንተርኔት ያስገቡልሽ ሰዎች ጋ ሄደሽ አመልክቺ፣ በየወሩ ይከፈልበታል።

አባ ሽቦ፦
ቀጮ፣ አንተ የምትለው ከውጭ ሆኖ ወደ ቤት መግባት ለሚፈልግ ሰው ነው፤ ለምሳሌ የካሜራ ቅጂ ከመሥሪያ ቤቱ ማየት ለሚፈልግ። እሷ የምትፈልገው ከሳሎን መኝታ ቤት ነው። በ192.168 የሚጀምሩት ቁጥሮች፣ በ10 የሚጀምሩትና ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉት በ1996 እ.ኤ.አ. ለግል ኔትወርክ ብቻ ተብለው የተለዩ ናቸው። የማንንም ፈቃድ አይጠይቁም። ጎረቤቷም 192.168.1.5 ሊኖረው ይችላል፣ አይጋጩም።

እህቴ፣ የሆነው እንዲህ ነው። ባንክ ስትገቢ የወረፋ ቁጥር ትወስጂ የለ? ራውተሩም (ኢንተርኔቱን ለቤቱ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ለገባው ሁሉ ቁጥር ያድላል፤ ዲኤችሲፒ የሚባለው ሥራው ይሄ ነው። ብዙዎቹ የቤት ራውተሮች ለማን ምን እንደሰጡ የሚይዙት ሲጠፉ በሚረሳ ማስታወሻ ላይ ነው። መብራት ሲመጣ ስልኮቹ ሳይጠፉ ስለቆዩ ቀድመው ይሰለፋሉ፤ ዴስክቶፕሽን እስክታበሪው 5 ቁጥርን አንዱ ስልክ ወስዶታል። አንቺ ደግሞ 5ን በእጅሽ ስትሞዪ ራውተሩ አያውቅም፤ ያው ቁጥር ለሌላ ሰጠው፣ ተጋጨ። ኢንተርኔት የጠፋው ዲኤንኤስ የሚለውን ቦታ ባዶ ስለተውሽው ይመስለኛል። እሱ ከሌለ የድረ ገጹን ስም ወደ ቁጥር የሚቀይር የለም።

መንገዱ ሁለት ነው። አንዱ ኮምፒውተሩ ላይ መሙላት፣ ሌላው ራውተሩ ላይ «ይሄ ቁጥር የእሱ ነው» ብሎ ማስያዝ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ላፕቶፕ ካለ ደግሞ ምርጫም የለውም። ላፕቶፑ ላይ በእጅ የሞላሽው ቁጥር ሌላ ቤት ወይም ካፌ ስትሄዱ አብሮ ይሄዳል፤ እዚያ ያለው ራውተር በ192.168.1 ካልጀመረ ዋይፋዩ ተገናኝቶ ምንም አይከፍትም።

ሒሳብ በቤቴ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ገባኝ። ግን ራውተሩ ውስጥ እንዴት ነው የሚገባው?

አባ ሽቦ፦
ብሮውዘር ላይ እንደ ድረ ገጽ 192.168.1.1 ብለሽ ጻፊ። ስምና ፓስወርድ ይጠይቅሻል፤ አብዛኛውን ጊዜ ራውተሩ ሆድ ላይ ከዋይፋዩ ስም አጠገብ ተለጥፎ ይገኛል። ከዚያ ላን ወይም ዲኤችሲፒ የሚለውን ፈልጊ። ቲፒ-ሊንክ ላይ አድሬስ ሪዘርቬሽን ይባላል፣ ሌላው ላይ ስታቲክ ዲኤችሲፒ የሚል ታገኛለሽ። የዴስክቶፑን ማክ አድራሻና የምትፈልጊውን አይፒ አስገብተሽ ሴቭ ማለት ነው። ማክ አድራሻ ማለት የኔትወርክ ካርዱ መለያ ነው፣ ቁጥርና ፊደል የተቀላቀለበት 12 ምልክት። ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍተሽ አይፒኮንፊግ ስላሽ ኦል (ipconfig /all) ካልሽው ፊዚካል አድሬስ ብሎ ያወጣልሻል።

ለዴስክቶፑ 10፣ ለፕሪንተሩ 11፣ ለላፕቶፑ 12 ስጪ፤ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ራውተሩ ጀርባ ለጥፊው። ከሁለት ዓመት በኋላ ማን እንደሆነ ይጠፋሻል።

ገመድ አልባ፦
አንድ ነገር ልጨምር፦ ፓስወርዱ እንቢ ካለ እባክሽ ሪሴት የምትለዋን ቀዳዳ በመርፌ እንዳትነኪያት! እኔ ነክቼ የኢንተርኔቱ መስመር የሚገባበት ስምና ፓስወርድ አብሮ ጠፋ። ቴክኒሻን እስኪመጣ ሦስት ቀን ያለ ኢንተርኔት ነው የተቀመጥኩት፣ ሚስቴ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።

ተማሪው፦
ለምን በቁጥር ትለፋላችሁ? ዜድን በኮምፒውተሩ ስም አገናኙት፤ አይፒው ቢቀየርም ዊንዶውስ ራሱ ይፈልገዋል።

አባ ሽቦ፦
ትክክል ነህ፣ ብዙ ጊዜ ይሠራል። የማይሠራበት ቤት ግን አይቻለሁ፤ በተለይ ኔትወርኩ ፐብሊክ ተብሎ ሲመዘገብ ኮምፒውተሮቹ አይተያዩም። ፕሪቬት መሆኑን ማየት ነው። ፕሪንተሩ ግን በቁጥር ከተጫነ ስም አያድነውም። ስለዚህ ማስያዙ አይቀርላትም።

ሒሳብ በቤቴ፦
ገባሁ! ፓስወርዱ ሆዱ ላይ ነበር። አስያዝኩ፣ ሴቭ አልኩ፣ ዴስክቶፑን አጠፋሁ አበራሁ። አሁንም 8 ነው የሚለው። ምን አጠፋሁ?

አባ ሽቦ፦
ዴስክቶፑ በኬብል ነው በዋይፋይ የተገናኘው?

ሒሳብ በቤቴ፦
በኬብል። ዋይፋይም አለው ግን አንጠቀምበትም።

አባ ሽቦ፦
በቃ እሱ ነው። ኬብሉና ዋይፋዩ የየራሳቸው ማክ አድራሻ አላቸው። አይፒኮንፊግ ሁለቱንም ደርድሮ ስለሚያወጣ የዋይፋዩን ገልብጠሻል። ኤተርኔት ከሚለው ርዕስ ሥር ያለውን ውሰጂ።

ገመድ አልባ፦
ስልክ የምታስይዙ ካላችሁም ልብ በሉ፤ አዳዲስ አንድሮይድና አይፎን ለእያንዳንዱ ዋይፋይ የፈጠራ ማክ ነው የሚያሳዩት። ከስልኩ ጀርባ ወይም ከካርቶኑ ላይ ያለውን ከገለበጣችሁ አይሠራም፤ ራውተሩ ላይ የሚታየውን ውሰዱ።

ምሥራቅ፦
ይቅርታ በመሀል ልግባ። የእኛ ራውተር ማስያዣ የሚባል ነገር ጭራሽ የለውም፣ አሮጌ ነው። እኛስ?

አባ ሽቦ፦
ምሥራቅ፣ እንግዲያው ኮምፒውተሩ ላይ ሙዪው፤ ግን መጀመሪያ ራውተሩ የሚያድልበትን ክልል አጥብቢ። ዲኤችሲፒ ላይ መነሻና መድረሻ ይኖራል። ከ192.168.1.100 እስከ 192.168.1.200 አድርጊውና ከ100 በታች ያለውን ለራስሽ ያዢ፣ ራውተሩ የያዘውን 1 ሳትነኪ። ያን ጊዜ አይጋጭም። ዊንዶውስ 10 ሴቲንግስ ላይ የኔትወርኩ ፕሮፐርቲስ ገብተሽ አይፒ አሳይንመንትን ማንዋል፣ አይፒቪ4ን ኦን ታደርጊያለሽ። አይፒው ለምሳሌ 192.168.1.20፣ ጌትዌዩ (ወደ ኢንተርኔት መውጫው፣ ራውተሩ ማለት ነው) 192.168.1.1፣ ዲኤንኤሱም 192.168.1.1 ወይም የጎግሉ 8.8.8.8። ሰው ሁሉ የሚያብድበት ሰብኔት ፕሪፊክስ ሌንግዝ የሚለው ሳጥን ነው፦ 255.255.255.0 አይደለም የሚፈልገው፣ 24 ብቻ ጻፊ። አለዚያ ሴቭ አልችልም ብሎ ምክንያቱን እንኳ አይነግርሽም። ዊንዶውስ 11 ላይ ግን ሰብኔት ማስክ ካለሽ ረጅሙን ጻፊ።

ምሥራቅ፦
24ቱ ነበር ለካ! ከትናንት ጀምሬ ስሰድበው የዋልኩት። አመሰግናለሁ።

ሒሳብ በቤቴ፦
ማኩን አስተካከልኩ፣ 10 ሆነልኝ። ዜድንም አጥፍቼ በ192.168.1.10 እንደገና አገናኘሁት። ደግሞ ሳልፈልገው ፈተናውም መጣ፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፣ 3 ሰዓት ገደማ መጣ። ዴስክቶፑን አበራሁ፣ 10! እህቴ ዜድን ከፈተች፣ ፒችትሪ ገባ። ፕሪንተሩ ብቻ አሁንም ኦፍላይን ነው፤ እሱንም 11 አስይዤዋለሁ።

ተማሪው፦
ኮምፒውተሩ የሚፈልገው በድሮ ቁጥሩ ነዋ። ፕሪንተር ፕሮፐርቲስ፣ ፖርትስ የሚለውን ክፈቺ፤ ምልክት የተደረገበት ፖርት ላይ የቆየ አይፒ ታያለሽ። አድ ፖርት ብለሽ ስታንዳርድ ቲሲፒ አይፒ ምረጪና 192.168.1.11 ስጪው። ላፕቶፑ ላይም ድገሚው።

አባ ሽቦ፦
እሱን ስትጨርሺ ለዴስክቶፑና ለራውተሩ አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ፈልጊ። አይፒው ተስተካከለ እንጂ፣ ፒችትሪ እየጻፈ እያለ መብራት ቢሄድ ዳታው ሊበላሽ ይችላል። ባክአፕሽንም ያው ኮምፒውተር ላይ አታስቀምጪው።

ሒሳብ በቤቴ፦
አተመ! ሁለቱም ላይ። ባክአፑ ግን ያው ዴስክቶፕ ላይ ነው፣ እንዴት አወቅክብኝ? ነገ ፍላሽ እገዛለሁ።