የእናቴ ዓይን ላይ ዝንብ የሚመስል ነገር ይንሳፈፋል፤ በጠብታ ትጠብቅ ወይስ እናስመርምራት?

ጥያቄ፦ እናቴ 58 ዓመቷ ነው፤ የሩቅ መነጽሯ ሲቀነስ 6 ነው። ከሦስት ቀን ወዲህ በቀኝ ዓይኗ ፀጉርና ዝንብ የሚመስል ጥቁር ነገር ይታያታል፤ ዓይኗን ስታዞር ይከተላታል። ማታ ጨለማ ውስጥ ደግሞ ጥግ ላይ ብልጭ ይልባታል። አያማትም፣ አልቀላም። ከመድኃኒት ቤት ጠብታ ገዝተናል። እሱን እያደረገች ትጠብቅ?

መልስ 1፦ አትጠብቁ። እናታችንን ዛሬ ካልሆነ ነገ ጠዋት የዓይን ሐኪም ይያቸው። ጠብታው የሚያርሰው የዓይንን ፊት ነው፤ ነገሩ ያለው ከኋላ ነው። የዓይናችን ውስጥ የጥሬ እንቁላል ነጭ በሚመስል ዝልግልግ ነገር የተሞላ ነው፤ 4 ሚሊ ሊትር ያህል፣ አብዛኛው ውኃ። ዕድሜ ሲገፋ ይቀጥንና በውስጡ ያሉት ቀጫጭን ክሮች ይቋጠራሉ። የሚታያቸው ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ስስ ሽፋን) ላይ የሚያርፈው የእነዚያ ጥላ ነው፤ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ ሲያዩ የሚጎላውም ለዚህ ነው። ለዓመታት የቆየና ያልጨመረ ቢሆን ባላስቸኮልኩ። ብልጭታው ግን ዝልግልጉ ሬቲናውን እየጎተተ መሆኑን ያሳያል። ጉተታው ሬቲናውን ከቀደደና ፈሳሽ በቀዳዳው ከገባ ሬቲናው ይላቀቃል። ቁጥሩ ከፍ ያለ የሩቅ መነጽር የሚያደርግ ዓይን ደግሞ ስለሚረዝም ሬቲናው የሳሳ ነው።

መልስ 2፦ ብልጭታ ከማይግሬንም (ከከባዱ የራስ ምታት) ይመጣል እኮ።

መልስ 1፦ ይመጣል። የማይግሬኑ ግን ብዙ ጊዜ በሁለቱም ዓይን ነው፤ የተሰባበረ መስመር ሆኖ እየሰፋ 20 ወይም 30 ደቂቃ ይቆያል። የእሳቸው ባንድ ዓይን ብቻ ነው፤ ከአዲስ ነጠብጣብ ጋር ስለመጣም ማይግሬን ነው ብሎ መተው አደገኛ ነው።

መልስ 3፦ እስክትሄዱ ግራ ዓይናቸውን በመዳፍ ሸፍነው፣ ሳይጫኑ፣ በቀኙ ብቻ የግድግዳ ሰዓት ይመልከቱ። ከጥግ መጋረጃ የሚመስል ጥላ ከመጣ፣ ጥቀርሻ እንደተበተነ ብዙ ነጥብ በድንገት ከወረደ ወይም እይታ ከቀነሰ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው። ምንም ባይታይም ምርመራው አይቀርም፤ የተቀደደ ሬቲና አያምም።

መልስ 4፦ የመነጽር ቁጥር መለካት አይበቃም። «ብሌን የሚሰፋበት የሬቲና ምርመራ» ብላችሁ ጠይቁ። ብሌን የሚያሰፋው ጠብታ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያስጠብቃል፤ ከዚያ ለሰዓታት ያደበዝዛል። አጃቢና የፀሐይ መነጽር ያዙ፣ መኪና እንዳይነዱ። ስኳር ካለባቸው ወይም የሞራ ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ንገሩ። ቀዳዳ ብቻ ከተገኘ ዙሪያውን በሌዘር ይዘጉታል፤ ያው ቀን ወደ ቤት ይመለሳሉ። ከተላቀቀ ግን ቀዶ ሕክምና ነው፤ የሬቲናው መሐል ሳይላቀቅ ከተደረሰ እይታው የመትረፍ ዕድሉ በጣም የተሻለ ነው። ምንም ባይገኝም ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ድጋሚ ይታዩ፤ ቀዳዳው ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል።