የዳቦ እርሾ የባጋስ ስኳር አልበላ አለኝ፤ ዝርያውን እንዴት ላሻሽል?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች። የማስተርስ ጥናቴ ከባጋስ፣ ማለትም ጭማቂው ከወጣለት ሸንኮራ አገዳ፣ ኢታኖል ማምረት ነው። ባጋሱን በ2 በመቶ ሰልፈሪክ አሲድ ኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት የሚቀቅል ማሽን) ውስጥ በ121 ዲግሪ ቀቀልኩት። ፈሳሹን አጣርቼ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) 5.5 ላይ ካመጣሁ በኋላ የዳቦ እርሾ ጨመርኩ። ዲኤንኤስ በሚባለው የስኳር መለኪያ ኬሚካል ስለካው በሊትር 24 ግራም ስኳር ነበረው። ከ72 ሰዓት በኋላም 20 ግራም አለ! ኢታኖሉ ከቁጥር አይገባም። አማካሪዬ እርሾውን በዩቪ (አልትራቫዮሌት) ጨረር መትተሽ የተሻለ ዝርያ ምረጪ ይሉኛል። ከየት ልጀምር?

የላብ ሰው፦ እህቴ፣ ዩቪውን ለጊዜው ተይው። የቀጠነ አሲድ በዋናነት የሚፈታው ሄሚሴሉሎስ የሚባለውን የአገዳውን ክፍል ነው። ስለዚህ ያጣራሽው ፈሳሽ ውስጥ ያለው በአብዛኛው ዛይሎዝ የሚባል ስኳር ነው። የዳቦ እርሾ ደግሞ ዛይሎዝን አያብላላም። ዲኤንኤስ ሁለቱን አይለይም፤ ግሉኮስም ይሁን ዛይሎዝ በጅምላ ይቆጥርልሻል። ግሉኮሱ የት ሄደ ካልሽ፣ ማጣሪያው ላይ በቀረው ጠጣር ውስጥ በሴሉሎስ፣ ማለትም በግሉኮስ ሰንሰለት መልክ ተቀምጧል። እንዳትጥይው! ሰንሰለቱን የሚቆርጠውን ሴሉሌዝ ኢንዛይም ጨምሪበት። ዩቪ ያለውን ጂን ይቀይራል እንጂ የሌለውን ከሰማይ አያወርድም።

ባዮቴክ ነኝ፦ ልክ ነው። ለዛይሎዙ ሼፈርሶማይሰስ ስቲፒቲስ የሚባል እርሾ አለ፤ በተፈጥሮው ያብላላዋል። ግን ጥቂት ኦክስጅን ይፈልጋል፣ ኢታኖል ሲበዛበትም ቶሎ ይደክማል። ሌላው መንገድ ጂን ማስገባት ነው። የስቲፒቲስን ሁለት ጂኖች ለዳቦ እርሾ ሲሰጡት፣ ኢንዛይሞቹ የሚፈልጉት ረዳት ሞለኪውል ስለማይመጣጠን ዛይሎዙ ኢታኖል ሳይሆን መንገድ ላይ ዛይሊቶል ሆኖ ይጠራቀማል። የሆላንድ ዴልፍት ተመራማሪዎች በ2003 ይህን የዘለሉት ፒሮማይሰስ ከሚባል ፈንገስ በወሰዱት፣ ያንን ረዳት በማይፈልግ ዛይሎዝ አይሶመሬዝ በሚባል ኢንዛይም ነው። ፈንገሱ የተገኘው ከዝሆን ፋንድያ ነው፤ ከዚህ ሙያ ታሪኮች ይሄን የሚያህል አላየሁም። እዚያም ቢሆን ጂኑ ብቻውን አልበቃም። እርሾው ዛይሎዝ ላይ ተደጋግሞ እየተዘራ ነው ፍጥነት ያገኘው። ለማስተርስ ግን አልመክርሽም፤ የደህንነተ ሕይወት ፈቃዱ ራሱ ጊዜሽን ይበላዋል።

ጠያቂ፦ ወይ ጉድ! ተባረኩ። ግን የተበላው 4 ግራምስ ለምን ኢታኖል አልሆነም?

ጋሽ እርሾ፦ ልጄ፣ 1 ግራም ስኳር ቢበዛ 0.51 ግራም ኢታኖል ነው የሚሰጥሽ። ስለዚህ ከ4 ግራም የምትጠብቂው 2 ግራም ገደማ ነው። ከሱም ላይ እርሾው ለራሱ ማደጊያ ይወስዳል። በዚያ ላይ አሲዱ ከባጋሱ ፈርፉራልና አሴቲክ አሲድ የሚባሉ እርሾን የሚጎዱ መርዞች ያወጣል። እርሾው ፈርፉራሉን አክሞ እስኪጨርስ ፍላቱ ቀጥ ይላል። በኖራ ፒኤቹን 10 አድርሺው፣ ዝቃጩን አጣሪ፣ ከዚያ ወደ 5.5 መልሺው።

ዝርያ ማሻሻሉን ከወደድሽው ማላመድ ይሻልሻል። ግሉኮስ ባለው የእርሾ መኖ (ማሳደጊያ ፈሳሽ) ውስጥ 10 በመቶ የባጋስ ፈሳሽ ጨምረሽ ጀምሪ። እርሾው በደንብ ማደግ ሲጀምር ወደ አዲስ ብልቃጥ አዛውሪና መጠኑን ከፍ አድርጊ። ይህ መርዙን እንዲችል ያደርገዋል፤ ዛይሎዝ ግን አያስበላውም። ከየደረጃው ናሙና በግሊሰሮል አቀዝቅዘሽ አስቀምጪ። መጨረሻ ላይ የተላመደውንና የመነሻውን እርሾ በአንድ ፈሳሽ ጎን ለጎን ሞክሪ፤ አለዚያ ፈታኞችሽ መሻሻሉን አይቀበሉሽም።